ወንዙ ያልገባበት ለቅሶ

«አንዲት ቀን! ከሰባ ምናምን ዓመት ዕድሜዬ አንዲት ከሰዓት በኋላ! የቀረውን ማን በላው? ጅብ በላው?»

ይርጋነሽ ይህን ስትል ድምጿ ከግቢው አልፎ ጎረቤት ያለው ወፍጮ ቤት ድረስ ተሰማ። ወፍጮው እየፈጨ ነበር፣ ያም ሆኖ ተሰማ። ጉልበቷ እንቢ ካለ ቆይቷል፣ ዓይኗም እንደ ድሮው አይደለም፤ ለድምጿ ግን ሌላው አካሏ ማርጀቱን የነገረው ሰው የለም። የተጮኸባት ፈንታነሽ ደግሞ ገና ከሞጣ ሚኒባስ መውረዷ ነው። ፌስታሏን አላስቀመጠችም፣ ውሃ አልቀመሰችም፣ የመንገዱ አቧራ ቅንድቧ ላይ እንደተኛ ነው። «እንደምን አለሽ እታለም» ልትል የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋችው።

ጥፋቷ ምን መሰላችሁ፣ ግቢው በር ላይ ስትደርስ እያንጎራጎረች ነበር። ነገ የምታወርደውን ለቅሶ እያሟሟቀች፦

ነጠላዋን ጥላ ወንዝ ዳር የቆመች፣
የሸሸውን ሁሉ ወንድ አርጋ መለሰች።

ይቺን ብላ ሳትጨርስ ነው ጅቡ የመጣው።

ነገ የይርጋነሽ ተዝካር ነው። ይርጋነሽ ግን አልሞተችም፣ ይኸው ትጮኻለች። የቁም ተዝካር ነው። ልጅ የሌለው ሰው፣ ወይም ልጅ ኖሮት ልጁን የማያምን ሰው፣ በቁሙ እያለ የራሱን ተዝካር ይደግሳል። ካህናቱን ይጠራል፣ ድሀውን ያበላል፣ ከዚያ በኋላ ሞት በፈለገው ቀን ቢመጣ ዕዳ የለበትም። ይርጋነሽ አልወለደችም። ያሳደገቻት የወንድሟ የወንደሰን ልጅ እስከዳር አለች፤ እዚያው ብቸና ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች። «እኔ የለሁም ወይ?» ብላ እስከዳር ብታኮርፍም ይርጋነሽ ልጅቱን በድግስ አላጎብጣትም ብላ ራሷ ደገሰች። ጠላው ተጠምቋል፣ ድፎው ተደፍቷል፣ በጉ ጓሮ ታስሮ የሚደርስበትን ሳያውቅ ሣሩን ይበላል።

ፈንታነሽ የመጣችው ልታለቅስ ነው። አልቃሽ ናት። ከሞጣ እስከ ቀራንዮ፣ ከደብረ ወርቅ እስከ ብቸና ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠየቀው «ፈንታነሽ ተልኮባታል ወይ?» ነው። ድንኳኑ መሀል ቆማ ሟቹን ታመጣዋለች። ሲያነክስ የነበረ እንደሆነ ታነክሳለች፣ ሲያስል የነበረ እንደሆነ ሳሉን ታስላለች፣ ለሰው ሰላምታ የማይሰጥ ኩሩ እንደሆነም አንገቷን እንደሱ ትቀስርና ታልፋለች። ሕዝቡ «እሱ ነው፣ እሱ ነው» እያለ ይንሰቀሰቃል። እንባ ከድንጋይ ታወጣለች ይሏታል።

ለይርጋነሽ ያላት ለቅሶ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ያው አንዱ ነው። ይርጋነሽ በቁሟ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። ሰርግ ላይ ሰምታዋለች፣ ማኅበር ላይ ሰምታዋለች፣ የማታውቀው ሰው ቀብር ላይ እንኳን ተዘፍኖባታል። ሰልችቷታል። ሰልችቷታል ማለት ራሱ ያንሳል፤ እንደ ከረመ ሽሮ አፏ ውስጥ ዱቄት ዱቄት ይላታል።

ያቺ አንዲት ቀን በንጉሡ ጊዜ ናት። አዲስ ግብር መጣ ተባለ፣ አገሩ አልከፍልም አለ፣ ጦር መጣ። ይርጋነሽ ያኔ ያላገባች ልጅ ናት። ከሴቶቹ ጋር በሶና ቆሎ ይዛ ለወንዶቹ ስንቅ ልታደርስ ወረደች። ወንዶቹ ወንዙ ማዶ ተኩስ ገጥመው ውለው ጥይቱ አለቀባቸውና እየተንጋጉ ተሻግረው መጡ። ይርጋነሽ ዳር ቆማ የሚሻገረውን ሁሉ ፊት ፊቱን ታየዋለች። ወንድሟ ወንደሰን የለም። ማዶ ጭኑን ተመትቶ ቋጥኝ ሥር ቀርቷል አሉ። ማን ያመጣዋል ብትል ሁሉም ፊቱን አዞረ። ያን ጊዜ ነጠላዋን ከትከሻዋ መንጭቃ እያውለበለበች፣ አፏ የራሱን አመጣ፦

የተሻገርከው ሰው ወደ እናትህ ጓዳ፣
ነጠላዬን ልበስ፣ እኔ ልውረድ ሜዳ።

ይኸው ነው። ሁለት መስመር። ከዚያ በፊት ገጥማ አታውቅም፣ ከዚያም በኋላ አልገጠመች።

ሰው ቀጥ አለ። አንዱ ሰደባት፤ ይህ በዘፈኑ ውስጥ የለም። አንዱ ጥሏት ሄደ፤ ይህም የለም። አንድ ልጅ ግን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ የሱሪውን ጫፍ እየጨመቀ ነበር፣ ተሻግሮ ጨርሶ፣ ድኖ። ቀና ብሎ አያትና ሳቀ። ተነሥቶ መጣ፣ ነጠላውን ከእጇ ወሰደ፣ ወገቡ ላይ አሰረው። «ስመለስ እመልስልሻለሁ» አላትና ወደ ውሃው ገባ። እሱ ሲገባ ሌሎቹም ገቡ። ማዶ ያለው ጦር አዲስ ኃይል የመጣ መስሎት ወደ ኋላ አለ፤ ቁስለኞቹም ተለቅመው መጡ። ወንደሰን በሰው ትከሻ ተሻገረ። ሱሪውን ሲጨምቅ የነበረው ልጅም በሰው ትከሻ ተሻገረ፣ በነጠላዋ ተጠቅልሎ። ስሙን የሰማችው መሬት ላይ ሲያስተኙት ነው። ስጦታው ይባላል፣ የሞጣ አካባቢ ሰው ነው። ፈንታነሽ ታናሽ እህቱ ናት።

ይህ ነበር የሆነው። ሰው ግን በየዓመቱ አንዳንድ ነገር ይጨምርላታል። መጀመሪያ ጠመንጃ ጨመሩላት፣ ቀጥሎ በቅሎ፣ ቆይቶም አንድ የጦር አለቃ በእጇ ጣለች ተባለ። ነፍሱን ይማረውና ባሏ ፋንታ ከየጥኖራ ድረስ የመጣው ይህንን ሰምቶ ነው፤ አንበሳ አገባሁ ብሎ። በመጀመሪያው ክረምት ነጎድጓድ ሲያጓራ አንበሳዋ አልጋ ሥር ገባች። ሌላ ሰው ቢሆን ይመልሳት ነበር። ፋንታ ግን ጠጅ ቤት ሄዶ «ሰማዩ ራሱ እሷን ሲያይ ይጮኻል» እያለ ያወራ ነበር። ደግ ሰው ነበር፣ ያው ውሸታም።

አንድ ጊዜ ደግሞ ካሜራ ያንጠለጠሉ ልጆች መጡ። ያንን ነጠላ ለቅርስ እንፈልገዋለን አሉ። መቃብር ውስጥ ነው አለቻቸው። ታዲያ ያንን የሚመስል የለም ወይ አሏት። የለም ብላ ፊቷን ብታዞር ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንዱን አንሥተው አጣጥፈው፣ እጅ ነሥተው ሄዱ። አሁን የሆነ ቦታ መስታወት ውስጥ ተሰቅሏል አሉ። የጎረቤቷ የስርጉት ነጠላ ነበር። ስርጉት እስከ ዛሬ ትጠይቃታለች።

ይርጋነሽ ራሷን የምታውቀው በጌሾ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ጌሾ ሸጣለች። ከብቸና ዙሪያ ትሰበስባለች፣ ሰሌን ላይ እያገላበጠች ታደርቃለች፣ ቅጠሉን ለጠላ፣ እንጨቱን ለጠጅ ትለያለች፣ አስራ ለገበያ ሞጣ ታደርሳለች። መጀመሪያ በጀርባዋ፣ ቀጥሎ በአህያ፣ በኋላም በአውቶብስ ጣሪያ። ሞጣ ውስጥ «የይርጋነሽ ጌሾ ነው» ከተባለ ባለጠላዎቹ አያሸቱትም፣ ዝም ብለው ያስመዝናሉ። ይህንን ማንም አይዘፍንላትም። መንገድ ላይ የሚያገኛት ሰካራም ሁሉ ደረቱን ነፍቶ «ነጠላዬን ልበስ» ይላታል እንጂ «ጌሾሽ እንዴት ነው?» አይላትም።

ይህን ሁሉ ግን ችላ ኖራ ነበር። ለምዳው ነበር። ያልቻለችው ያለፈው ሁዳዴ የሆነውን ነው።

ደጇ ላይ ቁጭ ብላ ቅጠል ከእንጨት ስትለይ ልጆች በመንገዱ አለፉ። ብዙ ናቸው፣ ጎረምሶች ናቸው፣ መሣሪያ ይዘዋል። የማን ወገን ናችሁ ብላ አልጠየቀችም፤ ዛሬ ጊዜ እንዲህ ያለው ጥያቄ አይጠየቅም። ካፊያ ጥሎ ስለነበር ርሰዋል። የአንዱ ስልክ ኪሱ ውስጥ እየጮኸ ነው፤ ከበሮ አለው፣ ማሲንቆ የመሰለ ነገር አለው፣ በላዩ ላይ የማታውቃት ሴት «ነጠላዬን ልበስ፣ እኔ ልውረድ ሜዳ» ትላለች። ልጆቹም አብረው ይላሉ። አንደኛው መሀል ላይ ቆም ብሎ ጎንበስ አለና የሱሪውን እግር ጨመቀ።

ይርጋነሽ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። እስከዳር ግፊት ነው ብላ ለካቻት፣ ግፊት አይደለም። መድኃኒት ሰጠቻት፣ ዋጠችው፣ ያው ነው። በሳምንቱ ደግሞ የሰፈር ልጆች ስልክ ይዘው መጡ። እማማ፣ በራስዎ ድምፅ አንዴ ቢሉልን፣ ለዛሬም ይሆናል አሉ። ድምፄ ተዘግቷል አለቻቸው፣ ይህንን ስትል በዚያ በወፍጮ ቤቱ ድምጿ። ልጆቹ ተያዩና ሄዱ።

እናም ፈንታነሽ ግቢው በር ላይ ስታንጎራጉር ስትሰማት ነው እንዲያ የጮኸችው።

ፈንታነሽ መጨረሻ ላይ ፌስታሏን አስቀመጠች። ዱካ ስባ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን እያሸች ጩኸቱ እስኪያልቅ ጠበቀች። ይርጋነሽ ስለ ስልኩ ነገረቻት፣ ስለ ልጆቹ ነገረቻት፣ ሱሪውን ስለጨመቀው ልጅም ነገረቻት። ሲደክማት ወገቧን ይዛ ግድግዳው ላይ ተደገፈች።

«እንግዲህ ነገ ስታለቅሺልኝ ወንዙን እንዳታነሺ» አለች። «ስሞትም እንዳታነሺ። አንቺ ካላልሺው ሌላውም ይተወዋል። አንቺ ነሽ ያቆየሽው።»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«በጌሾ አልቅሺልኝ።»

ፈንታነሽ ሳቀች። ሳቋ ደረቅ ነው፣ እሷም ሞጣን ስትነሣ ጀምሮ ደክሟታል። በጌሾ ሰው አልቅሶ አያውቅም አለች። ስኳር ሲጠፋ አልቅሷል፣ ዘይት ሲወደድ አልቅሷል፣ በጌሾ ግን አላለቀሰም። ከዚያ ይርጋነሽን ሆነች፤ ወገቧን ይዛ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ቅጠል አሸትታ «ይህ የደረቀ ነው ብለሽ ነው ያመጣሽልኝ?» አለች። ቁርጥ ራሷን። እስከዳር ጓዳ ሆና በሳቅ ፈነዳች፣ ይርጋነሽም ልትስቅ ብላ ከንፈሯን ያዘችው።

ፈንታነሽ ግን እግሯን ማሸቱንም ተወችው።

«እታለም፣ ወንዙን ካወጣሁት ስጦታው የት ይግባ?» አለች ቀስ ብላ። «ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ፎቶ የለው። መልኩንም ረስቼዋለሁ። ያለው እዚያች ግጥም ውስጥ ነው። አንቺ ደከመኝ ትያለሽ፣ እኔ ደግሞ እሱን በአፌ ይዤ ነው የኖርሁት። ብተፋው ይወድቃል።»

ይርጋነሽ ወደ ጓዳ ዞር ብላ አየች። የወንድሟ ልጅ ጓዳ ውስጥ ሰሐን እያጠበች ነው፤ ወንደሰን ባይሻገር ኖሮ እስከዳር የምትባል ሰው የለችም። ይህንን ሦስቱም ያውቁታል። ስንት ዓመት አብረው በልተው ጠጥተው አንድ ቀን አውርተውት አያውቁም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሁለቱም መውጫቸው አንድ ነው፤ ውርርድ ይገባሉ። ከዚህ በፊት በዝናብ ተወራርደዋል፣ በቄስ ልጅ ሰርግ ተወራርደዋል፣ ሚኒባስ ሰው ይሞላል አይሞላም ብለው ተወራርደዋል። የዛሬውን ያመጣችው ፈንታነሽ ናት።

«ነገ ወንዙን ሳልጠራ፣ ነጠላውን ሳልጠራ፣ ስጦታውን ሳልጠራ አለቅስልሻለሁ። በጌሾሽ። አንድ ዓይን እንባ ካወጣ አንቺ አሸነፍሽ፤ ስትሞችም በጌሾሽ እቀብርሻለሁ፣ ያቺን ግጥም ሁለተኛ አላነሣትም። አንድም ዓይን ካልረጠበ ግን ቀብርሽ ላይ የፈለግሁትን እላለሁ። ተዚያ ተነሥተሽ አትጮሂብኝም።»

«አንድ ዓይን?»

«አንድ ዓይን ይበቃል። ጉንፋን የያዘው እንዳይሆን ብቻ።»

እጅ ተማቱ። እስከዳር እማኝ ሆነች፣ እጇ ሳሙና እንደሆነ።

በማግስቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ ደረሰ፣ ካህናቱ መጥተው ባረኩ፣ ድሀው በላ። ግቢው ሞላ። መሪጌታ አካለ ወልድ፣ ተዝካር ለጸሎትና ለምጽዋት ነው፣ በቁም ያለ ሰው ላይ ሙሾ አይወርድም ብለው ቀድመው ተናግረው ነበር። ፈንታነሽ ከመሀል ስትቆም ግን ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ተቀመጡ። እኔ እዚህ የለሁም አሉ። ዋንጫቸውን ግን አልተዉትም፣ ጆሯቸውም ወደ እሷ ነው።

ይርጋነሽን ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ አስቀምጠዋታል። ጋቢ ደርበውላት እንደ ሙሽራ ትታያለች፣ በዚህም አፍራለች። ለራሷ ሰው እንዴት እንደሚያለቅስላት ልታይ የተቀመጠች ሰው እጇን የት እንደምታደርግ አታውቅም። አንዴ ጉልበቷ ላይ፣ አንዴ አገጯ ላይ ታደርገዋለች።

ፈንታነሽ ጀመረች፦

ከብቸና ሞጣ ጌሾ ያቀበለች፣
ጠላው ሳይኮመጥጥ እሷ ቀድማ ሄደች።

ሰው ተያየ። ነጠላው ይመጣል ብሎ የጠበቀ ሁሉ ጌሾ መጣበት። ከኋላ አንዱ «እሱስ እውነት ነው» አለ፣ ዋንጫውን አየና ጠጣ። ፈንታነሽ አልደነገጠችም። ጎንበስ ብላ ጌሾ ማሰሩን አመጣችው፣ በጉልበት መጫኑን፣ ገመዱን በጥርስ መሳቡን። ሴቶቹ ሳቁ። ሳቁ ክፋት የለውም፣ ግን ሳቅ ነው። ቀጠለች፦

ማን ይለየው ዛሬ ቅጠሉን ከእንጨቱ፣
ይርጋነሽ ተኝታ ተቆልፎ ቤቱ።

አሁን ዝም አሉ። ዝምታው የሚያሳዝን ዓይነት አይደለም፤ ቀጥሎ ምን ይመጣል የሚል ዝምታ ነው። ስርጉት እንኳን፣ በሰው ሰርግ የምታለቅሰዋ ስርጉት፣ ደረቅ ዓይኗን ከይርጋነሽ ወደ ፈንታነሽ ታመላልሳለች፤ ምናልባት ስለ ነጠላዋ እያሰበች። ይርጋነሽ ይህንን አየች። በልቧ «ተሸነፍሁ» አለች። ድካሙ ከእግሯ ጫፍ ጀምሮ ወጣባት። እንግዲያው ይኸው ነው፣ ጌሾ ማንንም አያስለቅስም፣ ያቺ ሁለት መስመር ግን ገና ስንቱን ሱሪውን ያስጨምቃል።

ፈንታነሽ ሦስተኛውን አነሣች፣ ቀስ ብላ፣ ማንንም ሳታይ፦

እናቴ ደጅ መጣች ሸክሟን እንዳዘለች፣

ብላ ቆመች።

የሚቀጥለው መስመር አልመጣም። ሰው ጠበቀ። ፈንታነሽ አፏን ከፈተችና ዘጋችው። ያቺ ሴት በዕድሜዋ መስመር ጎድሎባት አያውቅም፤ የሰከረ አልቅሶ ሲያቋርጣት፣ ዝናብ ድንኳን ሲጥልባት አልጎደለባትም። አሁን ግን ጎደለባት፣ ምክንያቱም የሚቀጥለው መስመር ላይ የቆመው ስጦታው ነው። ይርጋነሽ ወደ ፈንታነሽ እናት ደጅ ለምን መጣች ከተባለ መልሱ እሱ ነው። ቃል ደግሞ ገብታለች።

ከግቢው ሰው ሁሉ ነገሩ የገባት ይርጋነሽን ብቻ ነው።

ስጦታው ከሞተ በኋላ፣ ለአርባው፣ ይርጋነሽ ከቤቷ ወጥታ በእግሯ እናቱ ወለተ ሥላሴ ዘንድ ሄዳ ነበር። ባዶ እጄን እንዴት እሄዳለሁ ብላ የጓሯቸውን ጌሾ አድርቃ አዝላ። ሴትዮዋ ልትገድለኝም ትችላለች ብላ እያሰበች ነው የሄደችው፣ ብትገድለኝም ይሁን ብላ። ደጁ ላይ ስትደርስ አንዲት ትንሽ ልጅ በሩን ይዛ ቆማለች። ፈንታነሽ ናት። ወለተ ሥላሴ ወጣች። ማን እንደሆነች አልጠየቀችም። እጇን ወደ እስሩ ሰድዳ አንድ ቅጠል ቆረጠችና በመዳፏ አሽታ አሸተተችው። ብዙ ቆየች። ከዚያ «ጌሾሽ ጥሩ ነው» አለች። «ለሰማንያው ደግሞ አምጪ።»

ለሰማንያው አመጣች። ለመንፈቁ አመጣች፣ ለሙት ዓመቱ አመጣች። የጠጣ ሰው ሁሉ ይህ ጌሾ ከወዴት ነው አለ። ንግዱ እንዲህ ነው የተጀመረው። ወለተ ሥላሴ እስክትሞት ድረስ ሌላ ቃል አልተናገረቻትም፣ ሌላ ጌሾም አልገዛችም።

ይርጋነሽ ወንበሩ ላይ እንዳለች እንባዋ መጣ። አገጯ ላይ የነበረው እጇ እስኪረጥብ አላወቀችም። ድምፅ የለውም፣ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ በጋቢው ጫፍ ብትጠርገው ይመጣል።

ያን ጊዜ ነው ሽማግሌውን ሀብተ ሥላሴን ዝምታው ያሳዘናቸው። አልቃሽ ስትቸገር አንድ ሰው መርዳት አለበት ብለው ከዘራቸውን ተክለው ተነሡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «የተሻገርከው ሰው» ብለው ጀመሩ። ግቢው በሙሉ ተቁነጠነጠ። ሰው ሊቀበላቸው አፉን ሁሉ ከፍቷል፤ ይርጋነሽ ዓይኗን ጨፈነች።

ፈንታነሽ እጇን ከፍ አደረገች። መዳፏን ወደ እሳቸው ዘርግታ።

«አለቀ» አለች። «ለዛሬ አለቀ፣ አባ። ይቀመጡ።»

ሄዳም ጥጉ ላይ ተቀመጠች፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና። ሀብተ ሥላሴ ቆመው ግራ ገባቸውና ተቀመጡ። ሰው ትንሽ አጉረመረመ፣ ትንሽ ቆይቶም ወጥ ይጨመር ተባለ፣ ነገሩ በዚያው አለፈ። ወደ አጥሩ የዞሩት መሪጌታ ብቻ ቀስ ብለው «እናቲቱ ደጅስ ምን ልታደርግ መጣች?» ብለው አጥሩን ጠየቁት።

በማግስቱ ይርጋነሽ ፈንታነሽን ልትሸኝ መናኸሪያ ድረስ በዝግታ ወረደች። አንድ እስር ጌሾ ረዳቱ ጣሪያ ላይ ጭኖላታል። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ተብሏል፤ ነገ ምን እንደሚሆን ማንም አይወራረድበትም። ሁለቱም ሌሊቱን አልተኙም፣ ሁለቱም ይህንን አላወሩም። የሚያወሩት ስለ ውርርዱ ነው፤ ከቁርስ ጀምሮ ሲነታረኩ ነው የመጡት።

ፈንታነሽ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ አንገቷን አወጣች። ማንም አላለቀሰም፣ እስከዳርም ስርጉትም እማኝ ናቸው፣ አሸንፌያለሁ አለች።

«እኔ አልቅሻለሁ» አለች ይርጋነሽ።

«አንቺ ሬሳዋ ነሽ። ሬሳ አይቆጠርም።»

«አንድ ዓይን ነው ያልሽው። የማን ዓይን አላልሽም። የእኔ ሁለቱም ረጥቧል።»

«ደግሞም ያለቀስሽው በጌሾው አይደለም። በምን እንዳለቀስሽ አውቃለሁ።»

«በጌሾው ነው» አለች ይርጋነሽ። «ከእናትሽ በኋላ እኮ ማንም አሽትቶት አያውቅም።»

ፈንታነሽ ይህንን ስትሰማ አንገቷን ትንሽ መለሰች። ረዳቱ «ሞጣ፣ ሞጣ፣ የሞላ» እያለ በሩን ደበደበ። መሀል ያሉት ተሳፋሪዎች፣ እነዚህ አሮጊቶች ስለ ማን ሬሳ ነው የሚከራከሩት ብለው ያዳምጣሉ።

«እንግዲያው ሰው እንጠይቅ» አለች ፈንታነሽ። «መሪጌታ ይፍረዱ።»

«እሳቸው እዚያ አልነበሩም፣ ሰምተሽ የለም?»

ሞተሩ ተነሣ። ፈንታነሽ የሆነ ነገር እያለች ነው፣ እጇን ታወናጭፋለች፣ አንድ ጣት ታሳያለች። አንድ ዓይን ማለቷ ነው፣ ወይም አንድ መስመር ቀርቶኛል ማለቷ፤ ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ አልተለየም። ይርጋነሽም ከታች ሆና ሁለት ጣት አሳየቻት። ሚኒባሱ ወደ ደብረ ወርቅ መንገድ እስኪታጠፍ ድረስ ሁለቱም ጣታቸውን አላወረዱም።